አገርን ሳያዩ ስለ ማወቅ

ከመሥሪያ ቤታችሁ ወደ ደሴ መዛወራችሁን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ቢደርሳችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? ጓዛችሁን ከመጠቅለላችሁ በፊት አገሩን የሚያውቅ ሰው ትፈልጋላችሁ። ብርዱ እንዴት ነው? የቤት ኪራዩስ? ገበያው በምን ቀን ይውላል? ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንዱ በጦሳ ተራራ ግርጌ ከውርጭ በቀር ምንም እንደሌለ ይነግራችኋል። ሌላው ደግሞ ሰኞ ገበያን ረግጦ ሳያውቅ ማሩና ቅቤው እንደ ውኃ የሚፈስበት አስመስሎ ያወራላችኋል። እናንተም ከሁለቱ አንዱን አምናችሁ ትሄዳላችሁ። ዛሬ የምናነሣው ታሪክ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ ጠያቂዎቹ አውሮፓውያን፣ የተጠየቀውም አገር መላይቱ ኢትዮጵያ ከመሆኑ በቀር።

ወደ ሰኞ ገበያ ከሚወጡት ገበያተኞች መካከል የአምባሰልን ሰው ስለ ግሸን ብትጠይቁት፣ መስቀለኛውን አምባ፣ ገደሉን፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚጎርፈውን ምእመን ይነግራችኋል። በ1610 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የእስፓኝ መነኩሴ በቫሌንሲያ ያሳተመው መጽሐፍ ግን ሌላ ግሸን ያሳየናል። በአምባው ላይ ገነትን የሚመስል አትክልት እንዳለ፣ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው የመጻሕፍት ቤትም እንደተሠራበት ይተርካል። ኡሬታ ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም። የነገረው ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ሁዋን ዴ ባልታዛር የሚባል ሰው ነበር። ሰውየው የጠያቂውን ፊት እያየ፣ ሊሰማ የሚወደውን ሳይነግረው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነጋሪ በየመሥሪያ ቤታችን እናውቀዋለንና።

መጽሐፉን ለማስተባበል የተነሣው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። እርሱ ከ1603 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በኢትዮጵያ የኖረ፣ የዓባይንም ምንጭ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። የኡሬታን ቃል እያነሣ በማስረጃ የሚሽር ታላቅ መጽሐፍ ጽፎ በ1622 ዐረፈ። የሚያሳዝነው ግን ይህ መጽሐፍ የታተመው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የጓደኞቹ ጽሑፎች ከእርሱ ጥቂት ቢያደርሱም፣ እውነተኛው መልስ ወደ ሦስት መቶ ዓመት በመዛግብት ቤት ሲቀመጥ ተረቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተን እንኳ በ1667 ባወጣው ድርሰቱ የአማራን ተራራ ከገነት ጋር አስተያይቶ ጠቅሶታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠያቂ እንምጣ። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ከተማ የተወለደ ጀርመናዊ ነው። ግዕዝን የተማረው ያለ መምህር፣ በአውሮፓ ታትመው ከነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ነበር። በ1649 ለሌላ ጉዳይ ሮም በሄደ ጊዜ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም ጥቂት የአገራችንን ሰዎች አገኘ። አፉን ከፍቶ በግዕዝ ቢናገር ሳቁበት፤ ፊደሉን እንጂ ድምፁን ከማን ይስማው? ወጣቱ ግን አላፈረም፤ ተመልሶ ጠየቀ።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። የትውልድ አገራቸው በቤተ አማራ ያለችው መካነ ሥላሴ ናት፤ ይኸውም በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር፣ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሯት፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት፣ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር የተቃጠለችው የታላቋ ቤተ ክርስቲያን አገር ነው። አባ ጎርጎርዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ስለ ነበር፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሲባረሩ እርሳቸውም ከአገር ወጡ። በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ጠርቷቸው ወደ ጀርመን ተሻገሩ። በዚያም ሉዶልፍ ለወራት አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ እንስሳቱና ስለ ምግቡ ጠየቃቸው። መልሱን እየጻፈ፣ አገሩን አይተው የተመለሱት ሰዎች ከጻፉት ጋር አመሳከረው። በመጨረሻም በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ በዚያም የኡሬታን ተረት ያለ ምሕረት ነቀፈ። በ1683 ደግሞ የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ። ሉዶልፍም እንደ ኡሬታ ኢትዮጵያን አላያትም፤ እስከ ሞተበት እስከ 1704 ድረስ እግሩ አልረገጣትም።

ይሁን እንጂ ሉዶልፍን ያለ ነቀፋ ልናሳልፈው አይገባም። ዋናው መካሪው አንድ ካህን ነበሩ። ካህን ደግሞ ደብሩንና ቤተ መንግሥቱን አብልጦ ያውቃል። የወሎ ሙስሊም ነጋዴ፣ በጊዜው ወደ ደጋው ይገባ የነበረው ኦሮሞ፣ የቆላው አራሽ አጠገቡ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። አንድ ሰኞ በደሴ ገበያ የዋለ ሰው፣ ሉዶልፍ በሠላሳ ዓመት ጥናት ያላገኛቸውን አንዳንድ ነገሮች በቀላሉ ይሰማል።

አባ ጎርጎርዮስ ያንኑ ዓመት ሳይጨርሱ ከጎታ ተሰናበቱ። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍም መልካቸውን አስቀርጾ በ1691 ባወጣው መጽሐፍ አሳተመው። በ1698 በፍራንክፈርት ያሳተማቸው የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲወጡ ካህኑ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚያ መዝገበ ቃላት የተጻፈው አማርኛ የእርሳቸው፣ የመካነ ሥላሴው ሰው አማርኛ ነው። ከቃላቱ ብዙዎቹን ዛሬ በሰኞ ገበያ እህል የምትሰፍር ሴት ያለ አስተርጓሚ ትሰማቸዋለች።