አሰብ ሲዘጋ፣ ጅቡቲ ስትከፈት

ሰሞኑን የወደብ ወሬ ሲበዛ አንዳንድ የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እኛ ሁሌም በጅቡቲ ነበር እንዴ ዕቃ የምናስገባው?» ብላችሁ በኢንቦክስ ጠይቃችሁኛል። አይደለም። መስመሩ የተቀየረባቸውን ጊዜያት ስታዩ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀየረው የዋጋ መርከስ ሳይሆን ስጋት ነው።

አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። (ድሬዎች፣ ከተማችሁ የባቡር ልጅ ናት፣ አትርሱ።) ችግሩ የበሩ ቁልፍ ያለው በሰው እጅ ነው። ጣሊያን በ1928 ሊወረን ሲሰናዳ፣ ፈረንሳይ በዚያ መስመር በሚያልፈው የጦር መሣሪያ ላይ ገደብ ጣለች። ያኔ ሌላ ባቡር አልነበረንም።

ከ1945ቱ ፌዴሬሽን በኋላ ምጽዋና አሰብ መጡ። አሰብ ላይ በሶቪየት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራ። በ1969 በሶማሊያ ጦርነት ሰሞን የባቡሩ ድልድዮች ሲፈነዱ ደግሞ ሸክሙ በሙሉ ወደ አሰብ ዞረ ማለት ይቻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የአሰብ መስመር የተቋረጠው በባድመ ጥይት ነው ብሎ ያስባል። ንግዱ ግን መታመም የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ኅዳር 1990 ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከድንበር ጉሊት ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ ኤልሲ ይሁን አለች። ትናንት በብር ይገበያዩ የነበሩ ወንድማማቾች በአንድ ጊዜ እንደ ባዕድ ተቆጠሩ። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰብ ተዘጋች፣ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ወደብ ላይ የቀረው ዕቃስ? ኢትዮጵያ ሄግ ላይ ለካሳ ኮሚሽኑ አቤት ብላ ነበር። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። አሰብም በፊናዋ ደንበኛዋን አጣች፤ ክሬኖቿ ሥራ ፈቱ። በእኔ እይታ ሁለታችንም ከስረናል፣ ያተረፈችው ጅቡቲ ናት።

ጅቡቲ ዛሬ ከንግዳችን 90 በመቶ በላይ ታስተላልፋለች። መስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚሄደው ወደዚያው ነው። በርበራ ላይ በ2010 የ19 በመቶ ድርሻ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፣ አልሰመረም። ከዚያ የታኅሣሥ 2016ቱ የሶማሊላንድ መግባቢያ ሰነድ፣ ቁጣው፣ የአንካራው ስምምነት... ይሄን ታውቁታላችሁ።

በዚያው 2016 ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲመቱ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን ዞረው በደቡብ ጫፍ መሄድ ጀመሩ። ማለትም ጅቡቲ ሰላም ብትሆንም፣ ፊት ለፊቷ ያለው ባብ ኤል መንደብ ከታወከ ማዳበሪያውም ዘይቱም ይዘገያል፣ ይወደዳል። የበር ቁጥር ብቻ መቁጠር የማይበቃው ለዚህ ነው፤ በርበራም ብትሆን ከሱዌዝ ለሚመጣ መርከብ ያችኑ ጠባብ ባሕር ማለፍ ግድ ነው።

አባቶቻችሁ ወይ አጎቶቻችሁ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ነድተው ከነበረ እባካችሁ ጠይቁልኝ። በተለይ ግንቦት 1990 የት እንደነበሩ፣ መኪናቸው ወጥቶ እንደሆነ። ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።