በወንድሞች ትምህርት ቤት የአንድ ቀን ውሎ፤ የፈረንሳይ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥርዓትና አደረጃጀት በ18ኛው መቶ ዓመት መግቢያ

በ1706 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አገር «የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አመራር» የተሰኘ አንድ መመሪያ በእጅ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ነበር። መመሪያው የትምህርት ቤቱ በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ሕፃናቱ ቁርሳቸውን እንዴት እንደሚበሉ፣ ንባቡን የሳተ ተማሪ በምን ምልክት እንደሚታረም፣ ወለሉን ማን እንደሚጠርግ ሳይቀር በዝርዝር ይደነግጋል። ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው አሰልቺ የደንብ ክምር ይመስላል። ዝርዝሩ የተጻፈው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ለመመለስ ነው፤ ይኸውም ወላጆቹ መክፈል የማይችሉ፣ ዛሬ መጥቶ ነገ ለሥራ ሊወሰድ የሚችል የድኻ ልጅ፣ እንደ እርሱ ያሉ ሃምሳና ከዚያም በላይ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መምህር እጅ ማንበብና መጻፍ እንዴት ሊማር ይችላል? የሚል ነበር።

የመመሪያው ዋና አዘጋጅ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል በ1651 በሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በ15 ዓመታቸው በከተማይቱ ካቴድራል ካኖን የሚባለውን ባለ ገቢ ማዕረግ አገኙ፤ በ1678 ደግሞ ቅስና ተቀበሉ። ወደ ትምህርት ሥራ የገቡት አስቀድመው አስበውበት አልነበረም። በ1679 አድሪየን ኒዬል የተባሉ ሰው ለድኾች ልጆች ነፃ ትምህርት ቤት ለመክፈት ከሩዋን ወደ ሬምስ በመጡ ጊዜ ደ ላ ሳል እርዳታ አደረጉላቸው። የተቀጠሩት መምህራን ግን በቂ ዝግጅት ያልነበራቸው ስለሆኑ፣ በ1681 ወደ ገዛ ቤታቸው አስገብተው አብረዋቸው ይኖሩ ጀመር። ይህም ዘመዶቻቸውን ክፉኛ አስቆጣ። በ1683 ማዕረጋቸውን ለቀቁ፤ ቀጥሎ በመጣው የረኃብ ወራትም ሀብታቸውን ለድኾች አከፋፈሉ። ከዚህ ጅምር የተገኘው የመምህራን ማኅበር «የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች» የሚል ስም ተሰጠው። ወንድሞቹ ካህናት አልነበሩም፤ ሙያቸው ማስተማር ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት የሚመራውም ይኸው ማኅበር ነው።

መመሪያውን ደ ላ ሳል በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ብቻቸውን አላወጡትም። ጽሑፉ የተሰናዳው በዕድሜና በልምድ ከበሰሉት ወንድሞች ጋር ብዙ ምክክር ከተደረገበትና ድንጋጌዎቹ ለዓመታት በክፍል ውስጥ ከተፈተኑ በኋላ ነው። ዛሬ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች «ሙከራ» የሚሉት ሥራ በዚያ ዘመን ስም ሳይወጣለት ይሠራበት ነበር ማለት ይቻላል።

የለውጡን ክብደት ለመረዳት ቀድሞ የነበረውን ልማድ ማስታወስ ያሻል። በዚያን ጊዜ በአብዛኞቹ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች መምህሩ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ያስነብብ ነበር። አንዱ በመምህሩ ፊት ሲያነብ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ከዕለቱም የሚበዛው ጊዜ በከንቱ ያልፋል። የኢትዮጵያን የንባብ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በዚያም ተማሪው ፊደሉን፣ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንሱን፣ በመጨረሻም ዳዊቱን የሚዘልቀው በየግሉ እርምጃ ነው። ልዩነቱ በእኛ ንባብ ቤት ቀድሞ የገባው ተማሪ ለታናሹ ፊደል የሚያስቆጥር በመሆኑ የመምህሩ ድካም መቃለሉ ነው። ወንድሞቹ የመረጡት ሌላ መንገድ ነበር። በአንድ የንባብ ደረጃ ላይ ያሉ ሕፃናት ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይይዛሉ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ የቀሩት በዓይናቸው ይከተላሉ። ማን ቀጥሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ዓይኑን ከመጽሐፉ ሊያነሣ አይችልም።

የንባቡ ደረጃ ዘጠኝ ነበር። ሕፃኑ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ ይጀምርና ወደ ቀለማት ሰሌዳ፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ይሻገራል። በየደረጃውም ጀማሪዎች፣ መካከለኞችና የበሰሉ ተብለው ይከፈላሉ። ተማሪው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚዛወረው በመምህሩ ስሜት ሳይሆን የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ መርምሮት ሲፈቅድ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ትኩረት ይገባዋል፤ ተማሪዎቹ በእጅ የተጻፉ ደብዳቤዎችንና ውሎችን እንዲያነቡ ይደረግ ነበርና። የአናጢ ወይም የሸማኔ ልጅ አድጎ በፊቱ የሚቀርብለት ጽሑፍ ይህ እንደሆነ ወንድሞቹ ያውቁ ነበር። ሒሳብም የሚለማመዱት በገበያው ገንዘብ፣ ማለት 12ቱ ዴኒዬ አንድ ሶል፣ 20ው ሶል አንድ ሊቭር በሚሆንበት ስሌት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው የቋንቋው ጉዳይ ነበር። በዘመኑ ልማድ ሕፃናት ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር። ደ ላ ሳል ይህን ገልብጠው ንባቡ በፈረንሳይኛ እንዲጀመርና የላቲኑ መዝሙረ ዳዊት በሰባተኛው ደረጃ እንዲመጣ አደረጉ። የሻርትሩ ጳጳስ በተቃወሟቸው ጊዜም ምክንያታቸውን በዝርዝር አስረድተዋል። የክርክራቸው ፍሬ ነገር የድኻ ልጅ በትምህርት ቤት የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው የሚል ነው። ያን አጭር ጊዜ በማይሰማው ቋንቋ ላይ ካጠፋ ላቲኑንም ሳይጨርስ፣ ፈረንሳይኛውንም ሳይጀምር ይወጣል። በሚናገረው ቋንቋ የጀመረ ግን ትምህርቱን ቢያቋርጥ እንኳ የሚያነበው ነገር ይዞ ይሄዳል። በግዕዝና በአማርኛ ንባብ ቅደም ተከተል ላይ ያሰበ ሁሉ የዚህን ክርክር ኃይል ሳይገነዘብ አይቀርም።

የዕለቱ ውሎ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በሩ ሲከፈት ይጀምራል። ልጆቹ በዝምታ ገብተው በየደረጃቸው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። 2 ሰዓት ሲሆን ትምህርቱ የሚከፈተው በቁርስ ነው። ቁርሱ በክፍል ውስጥ እንዲበላ የተደረገበት ምክንያት ልጆቹ በጨዋ ደንብ መብላትን እንዲማሩ ነው፤ እየበሉም ተራ በተራ ጸሎትና ቀለማት ይወጡ ነበር። በክፍሉ ውስጥ አንድ ቅርጫት ይቀመጣል፤ ዳቦ የተረፈው ልጅ እጁን ያነሣና ይሰጣል፤ የተሰበሰበውም ምንም ሳይዙ ለመጡት ይታደላል። መምህሩ በአንድ በኩል የሚያድለውን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ በልግስና ብዛት ራሱን እንዳያስርብ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ጸሎት፣ ንባብና ጽሕፈት ይቀጥላሉ፤ በየሰዓቱ ደወል ሲመታ ሥራ ሁሉ ለአፍታ ቆሞ አጭር ጸሎት ይደረጋል። ጠዋቱ በቅዳሴ ይዘጋል። ከቀትር በኋላ ትምህርቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በመክሰስ ተከፍቶ፣ በትምህርተ ክርስቶስና በማታ ጸሎት ያበቃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የመምህሩ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። በእጁ «ሲኛል» የሚባል ትንሽ መምቻ መሣሪያ ይይዛል። አንድ ጊዜ ሲያንኳኳ የሚያነበው ልጅ ያቆማል፤ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲያንኳኳ የሳተውን ቃል ይደግማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ምልክት ተሰጥቶት የሳተውን ቃል ካላገኘ፣ መምህሩ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ያንኳኳና ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያነብ ይታዘዛል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1975 ባሳተመው የቅጣትና የእስር ቤት ታሪክ ይህንኑ መመሪያ በማስረጃነት ጠቅሶታል፤ ትምህርት ቤቱ፣ የጦር ሰፈሩና ፋብሪካው የሰውን አካል በሰዓትና በምልክት ለመግዛት የተጠቀሙበት ዘዴ አንድ ነው ባይ ነው። አስተያየቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ውሎ የሚደክም መምህር ሃምሳ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ሊያስተምር እንደማይችል በክፍል የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዝምታው መጀመሪያ የተደነገገው ለመምህሩ ነው፤ ተማሪው የሚከተለው እርሱን አይቶ ነው።

የክፍሉ አስተዳደር ለልጆቹ የተከፋፈለ ነበር። ጸሎት መሪ፣ ደወል ደዋይ፣ ምጽዋት ሰብሳቢ፣ ወረቀት አዳይ፣ ጠራጊ፣ በረኛ፣ ቁልፍ ያዥ፣ ሌሎችም ተሿሚዎች ነበሩ። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች «የክፍል አለቃ» ከሚባለው ጋር የሚመሳሰለው ተሿሚ መምህሩ በሌለበት ጊዜ የሚሆነውን ያያል፤ መናገርና መቆጣት ግን አይፈቀድለትም፤ ያየውን በእውነት ማስታወቅ ብቻ ነው። እርሱንም የሚጠብቁ ሁለት ልጆች በስውር ይሾሙበት ነበር። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ የመመሪያው ደካማ ጎን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ በልጆች መካከል መተማመንን ከማሳደግ ይልቅ መጠራጠርን ሊያለማምድ ይችላልና። የበረኛውና የጠራጊው ሹመት ግን ከዚህ ይለያል፤ በቤቱ ማንም የማይጠይቀው የድኻ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የሚታወቅ ኃላፊነት ያገኝ ነበር።

ቅጣትን በተመለከተ ልምጭና የቆዳ መምቻ አልተከለከሉም። ነገር ግን አዘውትሮ መግረፍ የደካማ መምህር ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ተማሪን በስድብ መጥራትም ክልክል ነው። ትምህርት ቤቱ ወንዶችን ብቻ ይቀበል እንደነበርም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

ነፃ ትምህርቱ ጠላት አላጣም። በፓሪስ ከወላጆች ክፍያ እየተቀበሉ የሚያስተምሩት የጽሕፈት መምህራን ማኅበር፣ ወንድሞቹ ለድኻ ልጆች ብቻ በተፈቀደ ትምህርት ቤት መክፈል የሚችሉትንም ያስገባሉ ሲል ከሰሰ፤ በ1704 የትምህርት ቤቱ ዕቃ እስከ መያዝ ደረሰ። ወንድሞቹ ግን በበሩ ላይ የሀብታምና የድኻ መዝገብ ለመክፈት አልፈለጉም፤ ሁሉንም በአንድ ወንበር ማስቀመጥን መርጠዋል።

መመሪያው ሰፊ ቦታ የሰጠው አንድ ጉዳይ ከትምህርት መቅረት ነው። የመቅረት ምክንያቶች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። አንዱ ልጅ ተለዋዋጭ ጠባይ ስላለው ይቀራል፤ ሌላው ወላጆቹ ቸል ስለሚሉት ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ መምህሩን ስለማይወድ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የመምህሩ እንደሆነና መታረም ያለበትም እርሱ እንደሆነ መመሪያው ሳይሸፋፍን ይናገራል። ብዙዎቹ ወላጆች ግን ልጃቸውን ገና በለጋነቱ ለሥራ ያወጡታል። ለእነዚህ የሚሰጠው ምላሽ ተግሣጽ ሳይሆን ማስረዳት ነበር፤ ማንበብና መጻፍ የቻለ የእጅ ሙያተኛ፣ ብልሃቱ መጠነኛ እንኳ ቢሆን ለማናቸውም ሥራ እንደሚበቃ ይነገራቸዋል። ማስረዳቱ ባልሠራበት ግን የደብሩ ቄስ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ምጽዋት እንዲያቋርጥ ይጠየቅ ነበር። ልጁን ወደ ንባብ ለመመለስ ሲባል የቤቱን እንጀራ ማስቀረት ምን ያህል የተገባ ነው? በጠዋቱ ቅርጫት ያየነው ርኅራኄና ይህ ድንጋጌ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ።

መመሪያው በማተሚያ ቤት የታተመው ደ ላ ሳል በ1719 ከሞቱ በኋላ፣ በ1720 በአቪኞን ከተማ ነው። በእርሱም ውስጥ ለየሰፈሩ የተመደቡት ልጆች ሹመት ሳይለወጥ ይገኛል። እነዚህ ልጆች የሰፈራቸውን ተማሪዎች ስም ዝርዝር ይይዛሉ፤ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቃሉ፤ ታሞ ከሆነም ያጽናኑታል። ያገኙትንም መልስ ለመምህራቸው ያደርሱለታል።