ብቅል በጨለማ

በወገዳ ገብስ ውሃ ይነከርና በቅጠል ተጠቅልሎ ከጨለማ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቶቻችን ገልጠው ያያሉ። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፥ ቡቃያው ነጣ ብሎ ብቅ ካለ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቢዘገይ ቡቃያው ስኳሩን ይበላዋል፤ ጠላውም ጠላ አይሆንም።

ይህን ነገር መጻሕፍት ያገኙት ዘግይተው ነው። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር የሣር ቡቃያ ጫፉ ሲሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፉን እንደሚተው በ1880 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1926 ኩሮሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ሩዝን ያለ ልክ የሚያስረዝመው የሻጋታ መርዝ መሆኑን አሳየ፤ ጂበረሊን የተባለው ኋላ ነው። በ1960 ዮሞ በጃፓን፥ ፓሌግ በአውስትራልያ፥ ሳይመካከሩ የገብሱን ምሥጢር ደረሱበት፦ ጂበረሊን ከገለባው ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ይቀሰቅሳል፤ ሽፋኑም ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኤንዛይም ያመነጫል። ብቅል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

የጨለማውስ ነገር? በ1959 አሜሪካኖች ፊቶክሮም የተባለውን የዕፅዋት «ዓይን» ለዩ። በ2008 ደግሞ ሁለት ቡድኖች ሆርሞኑና ብርሃኑ ከአንድ ቦታ እንደሚገናኙ አረጋገጡ። በእኛ አነጋገር፥ ጂበረሊን ፍሬኑን ይለቃል፥ ብርሃን ሾፌሩን ያወርዳል። በጨለማ ሾፌሩም አለ፥ ፍሬኑም ልቅ ነው፤ ቡቃያው ይመዘዛል። ብርሃን ሲያገኝ ያጥርና ይለመልማል።

እናቶቻችን ጂበረሊንን ያውቁ ነበር አንልም፤ ይህ ባዶ ሽንገላ ነው። ግን የትኛው ቀን እንደሚገለጥ በእጅና በዓይን መወሰን በየትውልዱ የተደገመ ሙከራ አይደለምን? የጎንደር ዜና መዋዕል የነገሥታቱን ግብር ሲያወሳ ብቅሉን ያበቀለችውን ሴት ስም አይጠራም። እኛ የታሪክ ተማሪዎችም ይህንኑ ልማድ ይዘን ቀጥለናል፤ ያሳዝናል።

ነገሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስማዳን ድርቅ ሲመታ የተገኘው እህል ለዘርና ለቂጣ ነው፤ ማን ያበቅለዋል? ጓዳው ያለ ብቅል ሲከርም ሴት ልጅ ከእናቷ የምታየው ነገር ይቀርባታል። ለክረምት ዕረፍት ወደ እስቴና ጋይንት የምትወርዱ እባካችሁ ደብተር ያዙ፦ የትኛው ቅጠል፥ ስንት ቀን፥ ብርድ ሲጠና ስንት ቀን ይጨመራል።