የነጠላው ሐዲድ ሥርዓት

ከመስቀል ፍላወር ተነሥቶ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ የሚወጣ ሰው ዛሬ የሚያገኘው በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ቀላል ባቡር ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ፣ ከለገሃር ወጥቶ የቂርቆስን ሰፈር እያቋረጠ ወደ አቃቂና ወደ ቆላው ይወርድ የነበረ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሌላ ሐዲድ ነበረ፤ በዚያም ሐዲድ ላይ ሲሠራበት የኖረው ሥርዓት የዛሬ የኮምፒውተር ተማሪዎች ከሚደክሙበት ከአንዱ ከባድ ትምህርት ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት ይህ የባቡር መንገድ ሥራ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሚያህለው መንገድ ነጠላ ስለ ነበረ፣ የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር ሊተላለፉ የሚችሉት ተጨማሪ ሐዲድ በተዘረጋባቸው ጣቢያዎች ብቻ ነበር።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለው ባዶ መንገድ ላይ ነው። በዚያ ክፍል ባንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገኝ፣ የጣቢያው ሹም ፊት ለፊት ያለው መንገድ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡሩን አያሰናብትም፤ ከወዲያ የሚመጣው ቢዘገይ እንኳ፣ መንገደኛው ቢያጉረመርምና የእሳቱ እንፋሎት በከንቱ ቢባክን፣ መጠበቅ ግዴታ ነው። ባቡሩ ሲደርስም ራሱ ጣቢያ መግባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከኋላ ተቆርጦ የቀረ ፉርጎ ቢኖር መንገዱ እንደ ተያዘ ነውና፣ የመጨረሻው ፉርጎ ሲገባ በዓይን ሳይታይ መንገዱ ተለቀቀ አይባልም። ከዚህ ጥንቃቄ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የለም፤ ምክንያቱም የሺህ ሰው ነፍስ በአንድ ሹም ትዕግሥት ላይ የተንጠለጠለች ነበረችና።

በኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ትሬድ የሚባሉ ብዙ የሥራ ክሮችን ባንድነት ያስኬዳል። ለጀማሪ የሚሰጠው መልመጃ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሁለት ክሮች በአንድ ቍጥር ላይ በየፊናቸው አንድ አንድ ይጨምሩ ይባላል። ቍጥሩ 7 ሳለ አንደኛው ክር 7 ብሎ ያነባል፤ እርሱ ድምሩን ከመጻፉ በፊት ሁለተኛውም 7 ብሎ ያነባል፤ ሁለቱም 8 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ጊዜ ተጨምሮ ሳለ 9 መሆን የሚገባው 8 ሆኖ ይቀራል፤ ጥፋቱም ዛሬ ታይቶ ነገ የሚሰወር ስለ ሆነ ተማሪውን ሲያንከራትተው ይከርማል። ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚህ መላ ሲያበጅ ስሙን የወሰደው ከባቡር ሐዲድ ምልክት ነው፤ ሴማፎር አለው። ክሩ ቍጥሩን ወደሚነካበት ክፍል ከመግባቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ካልተፈቀደለት ይቆማል፤ ሥራውን ፈጽሞ ሲወጣ ለሚጠብቀው ይለቃል። በማኅሌት ቀኝና ግራ የቆሙ ሊቃውንት አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ተራውን ጠብቆ እንደሚቀበል ማለት ነው።

ሆኖም እንዲህ መንገዱን መቆለፍ ብቻውን አያድንም። ሁለት ባቡሮች እያንዳንዳቸው የያዙትን ክፍል ሳይለቁ አንዱ የሌላውን ቢጠብቁ፣ ግጭት ባይኖርም ሁለቱም ለዘላለም ቆመው ይቀራሉ፤ የሥራ ክሮችም እንዲሁ። የባቡር ሰዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ቀዳሚውንና ተከታዩን አስቀድሞ መወሰን ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ፕሮግራም ጸሓፊ ቍልፎችን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል የሚይዘው ስለዚሁ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ቢኖሩትም፣ በከተማው መካከል አንድን ሐዲድ የሚጋሩበት ክፍል አለ፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደውና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው በዚያ ተራቸውን ጠብቀው ያልፋሉ። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ ሐዲድም ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ኮምፒውተር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ስለ ቍልፍና ስለ ሴማፎር የመጀመሪያውን መስመር ከመጻፋቸው በፊት ወደ ለገሃር ውሰዷቸው፤ በምድር ባቡር ያገለገሉ አረጋውያንንም ጠይቁ፣ የሚነግሩአችሁንም ጻፉ፤ ዕውቀታቸው አብሮአቸው እንዳይቀበር።