የኸርሸል አንድ ኮከብ

«ፕላኔታዊ ኔቡላ» ሲባል የሰማ ሰው ስለ ፕላኔት የሚወራ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ሲሞት የሚተፋው ጋዝ ነው። ስሙን ያወጣው ዊልያም ኸርሸል ነው፤ ሙዚቀኛ ነበር፣ ቴሌስኮፑን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እህቱ ካሮላይን እየመዘገበችለት እንግሊዝ አገር ሰማይ ያስስ የነበረ ሰው። አንዳንድ ደብዛዛ ክቦች ፕላኔት ስለመሰሉት እንዲያ አላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ብዙዎች በዚህ ስም ይስቁበታል። እኔ ግን ኸርሸልን የማከብረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1790 ስላደረገው ነገር ነው። ያን ጊዜ 52 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል። ኔቡላ ሁሉ ርቀው ያልተለዩ የከዋክብት ክምችት ነው ብሎ ለዓመታት ሲከራከር ኖሯል። በዚያች ሌሊት ሠውር በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ አንድ ኮከብ አየ፤ ዙሪያውን ክብ ጉም ከቦታል። ጉሙ ከዋክብት ከሆነ፣ መሐል ያለው ከመጠን ያለፈ ግዙፍ መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ አልዋጥ አለው። ስለዚህ የራሱን አቋም ጥሎ፣ ጉሙ ከዋክብት አይደለም ብሎ በአደባባይ ጻፈ። በ1864 ዊልያም ሀጊንስ የሌላ ኔቡላ ብርሃን በፕሪዝም ሲበትን ቀስተ ደመና ሳይሆን ጥቂት ደማቅ መስመሮች ብቻ አገኘ፤ ጋዝ ነው ማለት ነው።

ቅርጹስ? የሚሞት ኮከብ መጀመሪያ ያብጣል፤ ቆዳውን በዝግታ ይገፍፋል። በኋላ ከተራቆተው እምብርት የሚወጣ ፈጣን ነፋስ ደርሶበት የቀደመውን ጋዝ ይገፋዋል። ይህን በ1978 ያቀረቡት ሰን ክዎክና ባልደረቦቹ ናቸው። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ግን ክብ ኮከብ ክብ ኔቡላ ነው መውለድ ያለበት። ሀብል ቴሌስኮፕ ያሳየን ግን ቢራቢሮ የመሰለ፣ ወገቡ የታሰረ፣ ብዙ ዓይነት ነው።

ወገቡን የሚያስረው ጎረቤት ነው። አጠገቡ የሚዞር ሌላ ኮከብ ካለ፣ የሚወጣውን ጋዝ በስበቱ ወደሚዞርበት መስመር ይሰበስበዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነፋስ ወገቡ ሲዘጋበት ወደ ላይና ወደ ታች ያመልጣል። በ2020 የሊን ዴሲን ቡድን ቺሊ ባሉት የአልማ አንቴናዎች የሚያረጁ ከዋክብትን ነፋስ ሲመለከት፣ አንዱም ድፍን ክብ አልነበረም።

ያ ኸርሸልን ያስለወጠው ኔቡላ ዛሬ ኤንጂሲ 1514 ይባላል። በ2017 ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ መሐሉ ያለው «አንድ ኮከብ» በ9 ዓመት ገደማ አንዴ እርስ በርስ የሚዟዟሩ ሁለት ከዋክብት ናቸው።