ብኬሪ ያለችው ሴት

የአያቴ እናት ውሃ የምትጠጣበትን ዕቃ «ብርጭቆ» አትለውም ነበር። «ብኬሪ» ነበር የምትለው። ስለ እሷ በእርግጠኝነት የምናውቀው ይህን ያህል ነው ብል ቤተሰቤ ይቆጣኝ ይሆናል፣ ግን ውሸት አይደለም። የተቀረው ሁሉ፣ ከየት እንደመጣች፣ ከማን ጋር እንደነበረች፣ ስሟ ሳይቀር፣ እንደ ተናጋሪው ይለያያል።

ኩታበር ያሉት ዘመዶቻችን በክርስቲያን ስም ይጠሯታል። ኮምቦልቻ ያሉት ደግሞ በእስላም ስም። ሁለቱንም እዚህ አልጽፋቸውም፣ ልጇ፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ በሕይወት አለች፤ ሰፈር ውስጥም ጆሮ አለ። ወሎን ለማያውቅ ሰው የሁለት ስም ነገር ግራ ሊያጋባው ይችላል። ለኛ ብርቅ አይደለም። ጋብቻ ሲመጣ ሃይማኖትም ስምም አብሮ የሚለወጥበት፣ በአንድ ለቅሶ ቤት ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አገር ነው። ችግሩ የትኛው ስም እንደቀደመ የሚነግረኝ ሰው አለማግኘቴ ነው።

ወሬው በሦስት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው፣ የኩታበር ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ደሴ ወርዳ የጣሊያን ወታደሮች ልብስ ታጥብ ነበር ይላል። ሁለተኛው፣ ከኤርትራ ከአስካሪ ባሏ ጋር መጥታ እዚሁ የቀረች ናት ይላል። ሦስተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። አንድ አክስቴ ቡና እየቆላች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ፦ ኮምቦልቻ ከአንድ ጣሊያናዊ ሾፌር ጋር ትኖር ነበር።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፣ ታሪክ አልተማርኩም። ስለዚህ የጀመርኩት ከማውቀው ነው፤ ቀን ከመለየት። በኛ ቤት ዓመት አይቆጠርም። «ቦምብ የወረደ ጊዜ»፣ «ጣሊያን የገባ ጊዜ»፣ «ጣሊያን የወጣ ጊዜ» ነው የሚባለው። ደግነቱ እነዚህ ለደሴ ሰው ትክክለኛ ቀን ያላቸው ነገሮች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ እያሉ ከተማዋ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ደሴን የያዘው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ከባድ ውጊያ ተደርጎ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋር ደሴ ገባ። አያቴ «ጣሊያን ሲወጣ ገና ጡት አልጣልኩም» ትላለች። እንግዲህ ከ1931 እስከ 1933 ባለው ውስጥ ተወልዳለች ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ሲገኝ ሦስተኛው ወሬ ክብደቱ ተለወጠብኝ።

ጣሊያኖች በኤርትራ ለብዙ አስርት ዓመታት «ማዳማቶ» የሚሉት ልማድ ነበራቸው። አንድ ጣሊያናዊ ከአንዲት የአገሬው ሴት ጋር አብሮ ይኖራል፣ ትሠራለታለች፣ ትወልድለታለች፣ ጊዜው ሲደርስ ትቷት አገሩ ይገባል። ኢትዮጵያን ሲወሩ ወታደሩ «ፋቼታ ኔራ» እያለ ዘምቷል፣ «ጥቁር ፊቷ» እንደማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን አገዛዙ ራሱ ዘፈኑን ጠላው፣ መቀላቀልን የሚያበረታታ መስሎ ታየው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 በወጣው ሕግ፣ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተወሰነ።

ይህን ሕግ ሳነብ አንድ ነገር አላስተኛኝም። አብሮ መተኛት ብቻውን ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ እንደ ሚስት መያዝ ነው። ስለዚህ ዳኞቹ የሚመረምሩት ፍቅር መኖር አለመኖሩን ነበር። በአንድ ማዕድ በልተዋል ወይ? ስጦታ ሰጥቷታል ወይ? ይቀናባት ነበር ወይ? ሴቲቱን እንደ ዕቃ የተጠቀመባት ሰው ነፃ ሲወጣ፣ የወደዳት ወህኒ ይወርዳል። ግንቦት 5 ቀን 1932 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፤ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ከለከለ። ሦስተኛው ወሬ እውነት ከሆነ አያቴ የተወለደችው በእነዚህ ሁለት ሕጎች ዘመን ነው። ሾፌሩ ጥሏት ሄደ የሚለውን ወሬ ድሮ ስሰማ ሰውየውን እረግመው ነበር። አሁንም አላዘንኩለትም፤ ግን እርግማኑ እንደ ድሮው አይቀናኝም።

ሁለተኛው ወሬ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ኤርትራውያን ወታደሮች ሲዘምቱ ቤተሰባቸው ተከትሏቸው የሚሰፍርበት ጊዜ ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እዚሁ የቀሩም አሉ። ግን «የአስካሪ ሚስት» የሚለው በሰው አፍ ቶሎ ብሎ «የባንዳ ሚስት» ይሆናል። ዛሬ በስልካችን ላይ «የባንዳ ዘር» እየተባባልን የምንሰዳደብ ሰዎች ይቺን ነገር እናውቃታለን። አጎቴ ጥያቄዬን እንዳቆም የለመነኝም ለዚሁ ነው። «ተወው ባክህ፣ የሞተ ሰው ምን ይጠቅምሃል» አለኝ።

ወደ ብኬሪ ልመለስ። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ቢኪዬሬ» የመጣ ነው፣ ብርጭቆ ማለት ነው። ትግርኛ ወስዶ «ብኬሪ» አድርጎታል፣ አስመራ ዛሬም ድረስ ይባላል። አማርኛ አልወሰደውም። እንግዲህ የኩታበር ሴት ይህን ቃል ከየት አመጣችው? «ብኬሪ» ካለች ትግርኛ ተናጋሪ ናት፣ ወይ ከትግርኛ ተናጋሪ ጋር ኖራለች፤ ሁለተኛው ወሬ ያሸንፋል። «ቢኬሬ» ካለች ግን ከጣሊያናዊው አፍ በቀጥታ ሰምታዋለች፤ አጣቢ ሆና ይሁን ሾፌሩ ቤት። አንድ ሰው ማን እንደነበረ በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠለጠለ። ይህን ሳገኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብድግ ብዬ ተቀምጫለሁ።

ለዓመት በዓል ኩታበር ስሄድ አያቴን ጠየቅኋት።

«እማ፣ እንዴት ነበር የምትለው? ብኬሪ ነው ቢኬሬ?»

«ብኬሪ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቢኬሬ… እንዲያው ልጄ፣ ውሃ የሚጠጣበት ነው እኮ።»

«አስቢና ንገሪኝ።»

«አብሽር፣ ሲመጣልኝ እነግርሃለሁ» አለችና ዶሮዎቹን ልታስገባ ወጣች። በሚቀጥለው ጠዋት ደግሜ ጠየቅኋት፣ ሌላ መልስ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ቀን እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ፣ ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለቱን አማራጭ በአፏ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ብርጭቆ አሳይቼ «ይሄን እናትሽ ምን ትለው ነበር» ማለት ነበረብኝ። የተሠራን ፕሮግራም የሚፈትን ሰው የመጀመሪያ ቀን የሚማረው ነገር ነው፣ አያቴ ላይ ስደርስ ጠፋኝ።

ወረቀትም ፈልጌያለሁ። «ኩታበር» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል የሚዘረዝር ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ በኢንተርኔት የሚገኙትን የጣሊያን የፎቶና የፊልም ክምችቶች አሰስኩ። የደሴ ነገር ሞልቷል፤ መንገድ፣ ሰልፍ፣ ካሚዮን። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ የሠሩት እነሱ ናቸውና በመኪናቸው ይኮራሉ። ሴቶችም አሉ፣ በፖስት ካርድ ላይ፣ ብዙዎቹ ደረታቸው ተገልጦ። ከሥር «አቢሲኒያዊት ቆንጆ» ምናምን ይላል። እኔ ባየኋቸው ላይ ስም የለም። የሾፌሩ መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ ከፎቶው መለየት ይቻላል፣ አጠገቡ የቆመችውን ሴት ግን አይቻልም። ሸዋረገድ ገድሌን፣ ከበደች ስዩምን በስም እናውቃቸዋለን፣ ጠላትን ታግለዋልና ይገባቸዋል። ልብስ ያጠበችዋን ማን መዝግቦ ያቆያል?

«ዲኤንኤ አትመረመርም እንዴ?» ያለኝ ጓደኛዬ ብቻ አይደለም። አስቤበታለሁ። የአያቴ አባት ጣሊያናዊ ከነበረ የእሷ ግማሽ፣ የኔ ደግሞ ከመቶ 12.5 ገደማ ከዚያ ይመጣል፤ ምርመራው አይስተውም። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሴቲቱ አይደለም። ስለ እሷ የሚያወራው ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርደው ክፍል ነው፣ እኔም አለኝ፤ ነገር ግን የወሎና የኤርትራ ደገኛ በእሱ በኩል በጣም ስለሚመሳሰል ከመረብ ወዲህና ወዲያውን አይለይልኝም። ምራቄን በብልቃጥ ልኬ የማገኘው እንደገና አንድ ወንድ ነው። እናቴ ቢሆንም ላከው ትላለች፣ አጎቴ ከላክህ አታናግረኝ ይላል። እስካሁን አልላክሁም።

የኛ ስም አጠራርም አያግዝም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ እናት የምትገባበት ቦታ የለም። አያቴ የአባቷ ስም ተብሎ መታወቂያዋ ላይ የተጻፈው ያሳደጋት የእንጀራ አባቷ ስም ነው። ደግ ሰው ነበር ይባላል፣ የማንም ልጅ ናት ብሎ አያውቅም፣ ልጄ ብቻ ይል ነበር።

የዘር ሐረጋችንን የማስቀምጥበትን ፋይል ራሴ ነኝ የሠራሁት። የእሷ ቦታ ላይ ትውልድ ስፍራ የሚለው ባዶ ነው። ስም የሚለው ላይ ሁለቱንም አስገብቼ ነበር፣ ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ፤ ለአንድ ሰው አንድ ስም፣ አንድ ሃይማኖት ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ባለፈው እሑድ ያንን ክፍል ደግሜ ጻፍሁት። አሁን ሁለቱንም ይቀበላል።