ሁለት ይፈቀዳል፣ ሦስተኛው ያስቀጣል

ወገኖች፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ቅዳሜ ማታ ማሲንቆ ልትሰሙ የምትወጡም፣ ይህቺን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቧት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ የ1964ቱ የመጠጥ ፈቃድ ሕግ አንድ ፐብ ያለ ልዩ የመዝናኛ ፈቃድ ቢበዛ ሁለት ሙዚቀኛ ብቻ እንዲያጫውት ይፈቅድ ነበር። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ማሲንቆ መቺውና አብራው የምታዜመው ያልፋሉ፤ ከበሮ መቺው ሲጨመር ባለቤቱ ሕግ ጣሰ ማለት ነው።

ታክሲ ከመያዜ በፊት መሐንዲስ ነበርኩና እንዲህ ያለውን ነገር ሳላሰላ አላልፍም። እኩል ድምፅ ያላቸው ሁለት ቫዮሊኖች አራት ቢሆኑ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ማጉያ ላይ የተሰካ አንድ ጊታር ግን አራቱንም ይውጣቸዋል። ሕጉ ጊታሩን አሳልፎ ቫዮሊኖቹን ያስቆማል! የተፈለገው ጎረቤት እንዳይረበሽ ከሆነ መቆጠር የነበረበት ዴሲቤል እንጂ የሰው ራስ አልነበረም።

ቀጥሎ የ2003ቱ ሕግ መጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 2005 ነው። ያቺን የሁለት ሰው ቀዳዳም ደፈናት። አንድ ሰው ብቻውን ለታዳሚ ቢጫወት እንኳ በቤቱ ፈቃድ ላይ መጻፍ ነበረበት። በትልቅ ቴሌቪዥን ኳስ እያሳዩ ቤት ሙሉ ሰው ማስጮህ ግን ነፃ ነበር።

በዚያው ዓመት የለንደን ፖሊስ «ፎርም 696» የሚባል የአደጋ መገምገሚያ ቅጽ አመጣ። መጀመሪያ ላይ የሙዚቃው ዓይነትና የታዳሚው ዘር ሳይቀር ይጠየቅበት ነበር። የዘሩ ጥያቄ ቆይቶ ወጣ፤ ቅጹ ራሱ የተሰረዘው በ2017 ነው። ራስ መቁጠር የጀመረ ሕግ ቆዳ ወደ መቁጠር ለመሄድ ሩቅ መንገድ የለውም።

እኛ አገር በደርግ ዘመን ሌሊቱን የዘጋው ሰዓት እላፊ ነበር፤ ወታደሩ መንገድ ላይ ይታያል። እዚህ ደግሞ ማንም «አትዝፈን» አይልህም፤ ቅጽ ሙላ ይልሃል። ትልቁ ቤት ጠበቃ ይቀጥራል፤ ትንሹ ቤት ሙዚቃውን ይተወዋል። የእለት እንጀራውን የሚያጣው አዝማሪው ነው።

መልካሙ ዜና፦ ሎርድ ክሌመንት-ጆንስ ያቀረቡት የቀጥታ ሙዚቃ ሕግ ከጥቅምት 1 ቀን 2012 ጀምሮ ይህን አቃለለው። በእንግሊዝና በዌልስ መጠጥ ለመሸጥ የተፈቀደለት ቤት፣ ክፍት ሆኖ በሚሸጥበት ሰዓት፣ ከጧቱ 2 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ በማጉያም ቢሆን ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ማጫወት ይችላል። የታዳሚው ጣሪያ መጀመሪያ 200 ነበር፤ በ2015 ወደ 500 ከፍ አለ።

ይህ ማለት ግን ልቅ ነው ማለት አይደለም። ጎረቤት ከተረበሸ የድምፅ ብክለት ሕጉ አለ፤ ቅሬታ ቀርቦ ፈቃዱ ከተመረመረ ማዘጋጃ ቤቱ ገደቡን ሊመልሰው ይችላል። የቅጂ መብት ክፍያም ለብቻው ነው።

ስለዚህ «ሕጉ ይከለክላል» ብላችሁ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁ ቤቶች፣ የፈቃድ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት። ምናልባት የሚከለክላችሁ የለም። የምታውቁት ባለቤት ካለ አድርሱለት።